አሪየት እስክትቆም

እኔ ሲፈጥረኝ ችኩል ነኝ። እናቴ እንደምትለው በሰባት ወሬ ነው የተወለድኩት፤ ከዚያ ወዲህም ወረፋ ሲባል ደሜ ይፈላል። ባንክ ቤት ተሰልፌ ከፊቴ ያሉትን ሰዎች ማጅራት እያየሁ ስንቱን በልቤ እንደሰደብኩ ፈጣሪ ይቁጠረው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያን ቀን ምን ዓይነት ሰው ይዤ እንደሄድኩ እንድታውቁልኝ ነው።

ጋምቤላ ከተማ ተወልጄ ያደግኩ የደገኛ ልጅ ነኝ። ያኔ ከባሮ ዳርቻ ዓሣ እየገዛሁ ወደ ደጋ ከተሞች አመላልስ ነበር። ሀብቴ አንዲት አሮጌ ፒክአፕና ከኋላዋ የተጫነ የበረዶ ሣጥን ነው። በተጨማሪም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በማታው ክፍለ ጊዜ ኢኮኖሚክስ እማር ነበር። ሁለት ዓመት ተምሬ ዓለም የምትዞርበትን ምስጢር ያገኘሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

መምህራችን ዶክተር ኡቻን ይባላሉ። የአኝዋ ተወላጅ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ የፍላጎትና የአቅርቦት መስመሮችን ሣሉና ጣታቸውን ከመስመሮቹ ርቆ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አድርገው፣ “እዚህ ጋ ማን አለ?” አሉን። “ርቦት ገንዘብ የሌለው ሰው አለ። መስመሩ አያየውም። እናንተ ግን ዓይን አላችሁ” አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ “ፓስተሩ” ብለን ስም አወጣንላቸው። ሒሳቡን እንደ ውሃ ይጠጡታል፤ ግን አንድ ቀመር ጽፈው ሳይጨርሱ “ይህ መልካም ነው? ለማን?” ይላሉ። እኔ በበኩሌ ኢኮኖሚክስ ልማር ከፍዬ ስብከት የሚሸጡልኝ ይመስለኝ ነበር።

የነገሩ መነሻ ዐቢይ ጾም ነው። በጾም ሰሞን ደጋ ላይ ዓሣ እንደ ወርቅ ይፈለጋል። አንድ ትልቅ ሆቴል፣ “ከነገ ወዲያ እስከ ቀትር ሙሉ ጭነት ካደረስክ እስከ ፋሲካ ያለው አቅርቦት ያንተ ነው፤ ካልሆነ ሌላ ሰው አለን” አለኝ። ባሮ ላይ ደግሞ በዚያ ሳምንት ዓሣ ጠፋ። ወዲያ ወዲህ ስል፣ በኢታንግ በኩል ባለ አንድ የአኝዋ መንደር ትልቅ ኩሬ በማግስቱ እንደሚከፈት ሰማሁ። የዶክተር ኡቻን የእናታቸው መንደር ነው። የዕረፍት ሳምንት ስለነበር እሳቸውም ሊሄዱ ተዘጋጅተዋል።

“እኔ ላድርስዎት፤ እርስዎ ደግሞ ያስተዋውቁኝ” አልኳቸው።

“ለመንገዱ አመሰግናለሁ። ለዓሣው ግን ቃል አልገባልህም” አሉ።

በማለዳ ፒክአፗን በረዶ ጫንኩባት። በሰጋቱራና በጆንያ ሸፍኜ፣ ቢበዛ እስከ ነገ ቀትር እንደሚቆይልኝ አስልቼ ተነሳን። ሦስት ሰዓት ገደማ መንደሩ ስንደርስ ሰው ሁሉ በየጥላው ተቀምጧል። የዓሣ ጦሮቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ የሴቶቹ ቅርጫቶች በአፋቸው ተደፍተዋል። ኩሬ የሚከፈትበት ቀን አይመስልም።

ዶክተር ከሽማግሌዎቹ ጋር ሰላምታ ተለዋውጠው ሲያበቁ ነገሩን አስረዱኝ። በዚያ መንደር ክረምት ሞልቶ የፈሰሰው ውሃ በበጋ ሲሸሽ ዓሣው ኩሬው ውስጥ ይታጎራል። ኩሬው “አባት” አለው፤ ኡመድ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ሳይከፍቱት ማንም ጦር አይነክርም። በመክፈቻው ቀን ሰባውም ቤት ኩሬው ዳር ይቆማል፤ ሽማግሌው በየቤቱ ስም ይጠራሉ፤ የተጠራው “አለሁ” ይላል። ሁሉም መልሶ ሲያበቃ ነው ውሃው ውስጥ የሚገባው።

“ታዲያ ለምን አልተከፈተም?”

“አሪየት የምትባል ሴት እግሯን እሾህ ወግቷት አብጧል። ኩሬው በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። እሷን እየጠበቁ ነው” አሉኝ። “ከዛሬ በፊትም ሁለት ቀን ጠብቀዋል። ምናልባት ከነገ ወዲያ ትቆም ይሆናል።”

ከነገ ወዲያ! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ዞር ብዬ መኪናዬን አየሁ፤ ከሣጥኑ ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ጀምሯል።

“ዶክተር፣ ይንገሯቸው እንጂ! እርስዎ ኢኮኖሚስት አይደሉ?”

“ምን ልበላቸው?”

“ለአንድ ሰው ሲባል ሰባ ቤት መቆሙ ኪሳራ ነው ይበሏቸው። ውሃው በየቀኑ ይቀንሳል፣ አሞራው ዓሣውን ይለቅማል። እኔ ደግሞ ዛሬ በጥሩ ዋጋ ልገዛ መጥቻለሁ። አንዲት ሴት ብትቀር ስልሳ ዘጠኙ ይጠቀማል።”

ያለሰልሱልኛል ብዬ ነበር። አንዲት ቃል ሳይቀንሱ ተረጎሙት። የኩሬው አባት ፒፓቸውን ከአፋቸው አውጥተው ትንሽ አሰቡና በአኝዋ ቋንቋ አንድ ነገር አሉ፤ ጥላው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ።

“ምን አሉ?”

“‘ይህ ልጅ ጥሩ መቁጠር ያውቃል’ አሉ።”

ፊቴ ጋለ። “እሺ፣ እክሳታለሁ!” አልኩ። “ሦስት ቀን ብታጠምድ የምታገኘውን ዓሣ ዋጋ ከኪሴ አውጥቼ እሰጣታለሁ። ያኔ ማንም አልተጎዳም። እርስዎ ራስዎ ያስተማሩን ነው።”

ዶክተር ዓይናቸው በራ። በሕይወቴ አስተማሪ እንደዚያ ደስ ሲለው አላየሁም።

“አዎ፣ አስተምሬአችኋለሁ። የተጠቀሙት የተጎዱትን ክሰው አሁንም ከተረፋቸው ነገሩ መልካም ነው እንላለን። ግን ስማ፤ እኛ ኢኮኖሚስቶች ይህን የምንለው ወረቀት ላይ ነው። ተጎጂው ዘንድ ሄደን ‘ይበቃሃል ወይ?’ ብለን አንጠይቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይሄ ነገር ይከነክነኛል። አንተ ግን ዕድለኛ ነህ፤ ተጎጂዋ ያቺው ቤቷ ውስጥ ናት። ሂድና ጠይቃት።”

“አይመጡም?”

“ለምን? አማርኛ ትችላለች። ሐሳቡም ያንተ ነው።”

ሄድኩ። ግቢዋ ተጠርጎ ጠርቷል። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ግድግዳውን ተደግፋ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ጋምቤላ ከተማ ሆቴል ቤት ልብስ እያጠበች አማርኛ እንደለመደች ነገረችኝ። ኋላ እንደሰማሁት ባሏ የሞተው ባለፈው ክረምት ነው። ሰላም አልኳትና ወደ ጉዳዬ ገባሁ። የሦስት ቀን ዓሣ ዋጋ እሰጥሻለሁ፣ አንቺ ‘ያለ እኔ ይከፈት’ ብለሽ ላኪባቸው አልኳት። እግሯ ላይ ያለውን ጨርቅ ማጥበቅ ጀመረች። ያነሰባት መስሎኝ እጥፉን ጠራሁ።

“አንተ ሁለተኛ ነህ” አለች።

“የምን ሁለተኛ?”

“ባሌ ሲሞት ወንድሞቹ መጣ። ገንዘብ ይዞ መጣ። ‘ይሄን ያዢ፣ አባትሽ ቤት ተመለሺ’ አለኝ። እኔ እምቢ አልኩ። ዛሬ ደግሞ አንተ መጣህ።”

“እኔ እኮ ቤትሽን አልፈልግም። ስለ ዓሣው ነው።”

“ዓሣ ፕሮብሌም የለም። ዓሣ ጎረቤት ይሰጠኛል። ሽማግሌ ስም ሲጠራ ‘አለሁ’ የሚለው ባሌ ነበር። አሁን እኔ ነው የምለው። ካላልኩ፣ ‘ያ ቤት የለም’ ይላል። ያ ቤት የለም ካለ ወንድሞቹ ይመጣል፣ ቤቱን ይወስዳል።” ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ የለባትም፤ የምር መልስ የምትፈልግ ነው የምትመስለው። “አንተ የተማርክ ነህ አይደል? ይሄ ስንት ብር ነው? ንገረኝ።”

አንባቢዎቼ፣ በዋጋ ጉዳይ አፌ ተይዞ አያውቅም። ባሮ ዳር ካሉ ነጋዴዎች ጋር ስከራከር የምረታ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ግን ገንዘቡን ወደ ኪሴ መለስኩና “ይማርሽ” ብቻ ብዬ ወጣሁ። አፈርኩ። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ጥላው ሥር ስመለስ ዶክተር፣ “ስንት አለች?” ብለው ጠየቁኝ።

“እኔን ጠየቀችኝ” አልኩ።

አልሳቁብኝም፤ ‘አላልኩህም?’ም አላሉኝም። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። በቃ፣ አሁን ከሽማግሌዎቹ ጎን ቆመው ስለ ወግና ባህል ንግግር ሊያደርጉ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ሰውዬው ዞረው ሽማግሌዎቹን ያዟቸው። በመሃል በመሃል ለእኔም በአማርኛ ይሉልኛል።

“የአሪየትን ቤት መጠበቃችሁ ትክክል ነው” አሏቸው። “ግን በነዚህ ሁለት ቀናት መንደሩ ዳር ያሉት፣ እህል ያለቀባቸው ቤቶች ምን በሉ?”

አንዱ ሽማግሌ አጉረመረመ። ሌላው መሬት ማየት ጀመረ።

“እሷን የምትጠብቁት በነሱ ሆድ ነው። ይሄን ልጅ ‘መቁጠር ያውቃል’ ብላችሁ ሳቃችሁበት፤ እሱ አንዷን ረሳ። እናንተስ እነዚያን አልረሳችሁም?”

እነዚህ ሽማግሌዎች የእናታቸው ወገኖች ናቸው፤ በዕድሜም ይበልጧቸዋል። ድምፃቸው ግን ክፍል ውስጥ ከምናውቀው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ያኔ ነው ‘ፓስተሩ’ ያልኳቸው ሰው ሰባኪ አለመሆናቸው የገባኝ። ሰባኪ መልሱን ይዞ ይመጣል፤ እሳቸው ግን ለእኔም ለሽማግሌዎቹም ጥያቄ ነው ያመጡት።

“አንድ ነገር ልጠይቅ” አሉ ቀጥለው። “ደንቡ በእግር መምጣት ነው ወይስ ቆሞ መመለስ?”

የኩሬው አባት ፒፓቸውን አራገፉ። “ቆሞ መመለስ ነው” አሉ በመጨረሻ። “ግን በቃሬዛ አንወስዳትም። ወደ ኩሬ በሰው ትከሻ የሚሄድ የለም፤ በሰው ትከሻ የሚሄድ ሬሳ ነው። የዚያን ቤት ሞት ራሳችን መጥራት ይሆናል።”

ያን ጊዜ አንዲት አሮጊት በአገጫቸው ወደ መኪናዬ ጠቆሙ።

ክርክሩ ተነሳ። መኪና እንደ ትከሻ ነው የሚቆጠረው ወይስ እንደ እግር? ግማሹ ትከሻ ነው አለ፣ ግማሹ እግር ነው አለ፤ አንዱማ በሬ ነው አለ። ሌላ ቀን ቢሆን እስክፈርስ እስቅ ነበር። በመጨረሻ የኩሬው አባት እጃቸውን አነሱ። “አምና ልጄ ሐኪም ቤት ወልዳ በመኪና ነው የተመለሰችው። በሕይወት ነው የተመለሰችው። መኪና ቃሬዛ አይደለም” ብለው ፈረዱ።

ሁሉም እኔን አየ።

“አይሆንም” አልኩ ቶሎ ብዬ። ክፋት አልነበረም። ወደ ኩሬው መንገድ የለም፤ ያለው የደረቀ ረግረግ ነው። ከላይ ተሰነጣጥቆ ደረቅ ይመስላል፤ ከሥሩ ጭቃ ነው። ያን ሁሉ በረዶ ጭኜ ከገባሁ መቶ ሜትር ሳልሄድ እሰምጣለሁ። በረዶውን ካወረድኩ ደግሞ በዚያ ሙቀት ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ውሃ ይሆናል። በረዶ ከሌለ ዓሣ የለም፤ ዓሣ ከሌለ ሆቴሉ የለም። ይህን ሁሉ ለዶክተር ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ለሽማግሌዎቹ ተረጎሙላቸው።

ማንም አልለመነኝም። “እውነቱን ነው” አሉ የኩሬው አባት፣ “ንብረቱ ነው።” ዶክተርን አየኋቸው። አንድ ነገር እንዲሉኝ፣ ‘አድርግ’ ወይም ‘ተው’ እንዲሉኝ በዓይኔ ለመንኳቸው። በጫማቸው ጫፍ አፈር እየገፉ ዝም አሉ። እንዴት እንደተናደድኩባቸው! ክፍል ውስጥ አላስቀምጥ አላስቆም የሚለን ሰው እዚህ ዝም!

‘ይሄ ስንት ብር ነው?’ የሚለው የሴትየዋ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ቆይቼ የመኪናዬን የኋላ በር ከፈትኩና የመጀመሪያውን በረዶ ጎትቼ ሣሩ ላይ ጣልኩት። ሁለተኛውን ስጎትት ዶክተር ሸሚዛቸውን ጠቅልለው አጠገቤ ነበሩ። የመንደሩ ሴቶች የበረዶውን ስባሪ እያነሱ ጉንጫቸው ላይ ሲያደርጉና ሲጮሁ፣ እኔ ላቤንና እንባዬን በአንድ ላይ ጠረግሁ። አዎ፣ አለቀስኩ። ስድስት ዓመት ዓሣ ስነግድ የለፋሁለት ትልቅ ውል ነው ሣር ላይ የሚቀልጠው።

አሪየትን ጋቢና አስገባናት። የባሏን የዓሣ ጦር ይዛለች። ጎልማሶቹ ከፊት ከፊት እየሮጡ ጠንካራውን መሬት ያሳዩኛል፤ እኔ ትንፋሼን ይዤ እነዳለሁ። ከግማሹ አልፈን የኋላ ጎማዬ ሰመጠ። አሪየት በሩን ልትከፍት ስትል፣ “ቁጭ በይ!” ብዬ ጮኽኩባት።

“ወንድሜ፣ እኔ ከበረዶ እከብዳለሁ?” አለችኝ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ሃያ ሰው ከኋላ ገፍቶ አወጣን።

ኩሬው ዳር ሰባው ቤት ተደርድሮ ቆመ። ወንዶቹ ጦራቸውን ወደ ላይ አንስተዋል። የኩሬው አባት መጥራት ጀመሩ፤ ከየአቅጣጫው አጭር አጭር መልስ ይመጣል። የባሏ ወንድሞች የት እንደቆሙ ዶክተር አሳዩኝ። ከዚያ የአሪየት ቤት ተጠራ። በጦሩ ተደግፋ፣ በጤነኛ እግሯ ቆማ፣ የመለሰችው ድምፅ ከሁሉም ድምፅ በለጠ። ከወንድሞቹ አንዱ ዓይኑን ወደ ውሃው አዞረ። ሽማግሌው ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ።

ሁሉም አለቀ። አሁን ይገባሉ ብዬ ስጠብቅ አልገቡም። ሽማግሌው አንድ ነገር ጠሩ፤ መልስ የለም። ደገሙት፤ መልስ የለም። ያ ሁሉ ሕዝብ ጦሩን እንዳነሳ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። የድሮው ደሜ ፈላ።

“ደግሞ አሁን ማን ቀረ?” አልኩ በምሬት።

ዶክተር ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። “አንተ ነህ” አሉኝ። “‘የበረዶው ሰው ቤት’ ብለው እየጠሩ ነው። ሁለት ጊዜ ጠሩህ። እስክትመልስ አይገቡም።”

ሠላሳ አንድ ዓመት ጋምቤላ ኖሬያለሁ። ዓሣቸውን ገዝቻለሁ፣ ወንዛቸው ውስጥ ዋኝቻለሁ፤ ተቆጥሬ ግን አላውቅም ነበር። ተንተባተብኩ። በግድ፣ በአማርኛ፣ “አለሁ!” አልኩ። ኩሬው በጩኸትና በእግር ተናወጠ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ዶክተርን፣ “በረዶውን አውርድ ለምን አላሉኝም?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

“ብዬህ ቢሆን ያወረድኩት እኔ እሆን ነበር” አሉ።

“ታዲያ አተረፍኩ ማለት ነው?”

“የለም። ከስረሃል። ሆቴሉም ሄዷል። ደግ ሥራ ሁልጊዜ ትርፍ ያመጣል የሚልህ ኢኮኖሚስት ካገኘህ አትመነው፤ የሚሸጥልህ ነገር አለው ማለት ነው። ትርፍ ባያመጣም ትክክል የሆነ ነገር አለ። ሥራችን ሁለቱን አለማምታታት ነው።”

ሰውየውን የወደድኩት ያን ጊዜ ነው። ቁስሌን በጣፋጭ ቃል አልሸፈኑልኝም፤ የእውነቱን መጠን ሰጡኝ።

እንዳሉትም ሆነ። ሆቴሉ ሌላ ሰው ያዘ፤ እኔም እንዲያ ያለ ደንበኛ እስካገኝ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አልቆጨኝም ብላችሁ ውሸት ነው፤ አንዳንድ ቀን ይቆጨኛል። አሪየት ቤቷ ውስጥ ናት፤ የባሏ ወንድሞች ከዚያ ወዲህ ደጇን አልረገጡም። እኔም ትምህርቴን ጨረስኩ፤ አሁንም ነጋዴ ነኝ፤ አሁንም ችኩል ነኝ። ግን አንድን ሐሳብ ‘ብዙኃኑን ይጠቅማል’ ብዬ ከመወሰኔ በፊት የሚቀረው ሰው ቤት በእግሬ እሄዳለሁ። አንዳንዴ ሐሳቤን እንደያዝኩ እመለሳለሁ፣ አንዳንዴ ጥዬው እመለሳለሁ።

እናንተም ከስልሳ ዘጠኙ መካከል ቆማችሁ፣ ስለ አንዱ ሰው የምትበሳጩበት ቀን አይጠፋም። እኔም እዚያ በቆምኩ ጊዜ ሒሳቡ ቀልሎኝ ነበር። አንዱ ሰው እኔ የሆንኩ ጊዜ ግን፣ መልስ ጠፍቶኝ ስንተባተብ፣ በዚያ ሐሩር ጦር አንስቶ የሚጠብቀኝን ሕዝብ ፊት አንድ በአንድ አየሁ። የተበሳጨ ሰው ፈልጌ አጣሁ።